የአማርኛ የፋይል ስም በዚፕ ውስጥ ለምን ይጠፋል?

(በስክሪኑ ላይ፦ ጎንደር፣ የአፄ ፋሲል መዋኛ በጥምቀት ማለዳ)

ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች፣ ታቦቱ የየትኛው ደብር እንደሆነ አባቶችን እየጠየቅሁ፣ እያንዳንዱን በአማርኛ ሰየምኋቸው። ከዚያም በማክ ኮምፒውተሬ ዚፕ አድርጌ፣ ማለትም በአንድ ፋይል አምቄ፣ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በፍላሽ ወሰድኋቸው። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነበር፤ ልጅቷ ፋይሉን ስትከፍተው ከስሞቹ አንድም የሚነበብ አልተገኘም። «ጋሼ፣ ቫይረስ ሳይበላው አይቀርም፤ እንደገና ያምጡልን» አለችኝ።

ቫይረስ አልነበረም፤ ፎቶግራፎቹም ደህና ነበሩ። ዚፕ የፋይሉን ይዘትና የፋይሉን ስም ለየብቻ ነው የሚይዘው። ለይዘቱ ማረጋገጫ ቁጥር ስለተመዘገበለት አንድ ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 የሚደርስ አንድ ቁጥር፣ እንኳ ቢዛባ የሚፈታው ፕሮግራም ያስታውቃል። ስሙ ግን የባይቶች ተርታ ነው፤ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደቆመ በሚያሳይ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚነበብ ካልተነገረው ተቀባዩ ኮምፒውተር በራሱ ግምት ያነበዋል።

(በስክሪኑ ላይ፦ «ጥ» የሚለው ፊደል፣ ከሥሩም 225፣ 140፣ 165)

«ጥምቀት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዛሬ በብዛት በምንሠራበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ጥ» 225፣ 140 እና 165 ሆና ትቀመጣለች። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በአሮጌው የአይቢኤም ሠንጠረዥ፣ በ437ኛው፣ የሚያነብ ፕሮግራም የጀርመንኛውን ድርብ ኤስ፣ ጣሪያ የደፋች አይ እና ከላይዋ ሞገድ ያለባት የስፓኝኛ ኤን ያወጣል። አራት ፊደል የነበረው ቃል ዐሥራ ሁለት ምልክት ይሆናል። ፊደሎቻችን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሁሉም በ225 ስለሚጀምሩ ያ የጀርመን ፊደል በየሦስት ምልክቱ ይመላለሳል። ይህን መልክ ያየ ሰው ፋይሉን ከማጥፋቱ በፊት ይታገሥ፤ የስሙ ባይቶች አሁንም በቦታቸው ናቸው።

ምክንያቱ ወደኋላ ይወስደናል። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ፊል ካትዝ ዚፕን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያወጣ የፋይል ስም የሚጻፈው በዚያው 256 ምልክት ብቻ በሚይዝ ሠንጠረዥ ነበር፤ ፊደላችን የዓለምን ፊደሎች በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ የተካተተው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዚፕ ደንብ «ይህ ስም በዩቲኤፍ-8 ተጽፏል» የምትል አንዲት ምልክት ጨመረ፤ የምትይዘው ቦታ አንድ ቢት፣ ማለትም የባይት አንድ ስምንተኛ፣ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ፕሮግራሞች ስሙን በዩቲኤፍ-8 እየጻፉ ምልክቷን ሳያኖሩ ይተዋሉ፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ ወደ አሮጌው ሠንጠረዥ ይመለሳል።

የስም ርዝመትም ያጣላል። ዊንዶውስ ለአንድ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ሲፈቅድ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን በሚያሠራው በሊኑክስ የተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች የሚቆጥሩት 255 ባይት ነው፤ ይህም ለሦስት ሲካፈል 85 የአማርኛ ፊደል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የቅዱሱን ስም፣ ደብሩንና ቀኑን አንድ ላይ የያዘ ረጅም ስም ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ተቀምጦ ሊኑክስ ላይ አልፈታም ሊል ይችላል።

ቀን ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በማክ ላይ «ጥር 11/2016» ብለን ፎልደር ብንሰይም፣ ማክ ያችን እዝባር ከውስጥ የሚያስቀምጣት በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ይህን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። የእኛው የግእዝ ሁለት ነጥብ፣ ምንም እንኳ ለዓይን ቢመስለው፣ በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ምልክት በመሆኑ ዊንዶውስ አይከለክለውም። ከማክ በመጣ ዚፕ ውስጥ ተጨማሪ ፎልደርና በነጥብ የሚጀምሩ ትናንሽ ፋይሎች ቢታዩ ደግሞ ማክ ለራሱ የመዘገባቸው ናቸው፤ በዊንዶውስ ላይ ቢሰረዙ ፎቶግራፉ አይነካም።

ብዙዎች የሚሰጡት ምክር «በእንግሊዝኛ ሰይመህ ተገላገል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ታቦቱ የየትኛው ደብር እንደሆነ የሚናገረው የፎቶግራፉ ስም ብቻ ከሆነ፣ ስሙን በቁጥር ወይም በላቲን ፊደል መለወጥ ምስክሩን ማጥፋት ነው። የሚሻለው ስሙን ከ85 ፊደል ሳያሳልፉ፣ ቀኑን በእዝባር ፈንታ በሰረዝ ለይተው፣ ምልክቷን በሚያኖር ፕሮግራም ማመቅ ነው፤ 7-ዚፕ የተባለው የማመቂያ ፕሮግራም ስሞችን በዩቲኤፍ-8 እንዲጽፍ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ፋይል ከመላክም በፊት አንዱን ብቻ ዚፕ አድርጎ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ጉዳዩን ወዲያው ይለየዋል።

(በስክሪኑ ላይ፦ የተፈታው ፎልደር)

ማተሚያ ቤት የወሰድሁት ዚፕ ግን ምልክቷ ሳትኖርበት አስቀድሞ ታምቆ ነበር። ልጅቷ 7-ዚፕን ጫነች፤ እኔም በትእዛዝ መስጫው ላይ ስሞቹን በኮድ ገጽ 65001፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8፣ እንዲያነብ አዘዝሁት። ፎልደሩ እንደገና ሲከፈት ስሞቹ አንድም ፊደል ሳይጎድላቸው በአማርኛ ወጡ፤ እርሷም የየደብሩን ስም ከየፎቶግራፉ ጀርባ አትማ ሰጠችኝ።