ሲኒማ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሳሎናችን ግን ክፍት ነው

ማህሌት፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ዮናስ ከቤቱ፣ እኔ ከቤቴ ሆነን ነው የምንቀዳው። ሚያዝያ 2012 ሊያልቅ ነው፤ ሲኒማ ቤቶች በኮሮና ምክንያት እንደተዘጉ ናቸው። ብዙዎቻችሁ «ቤት ቁጭ ብለን ምን እንይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል።

ዮናስ፦ እኔ እሁድ ከሰዓት ፒያሳ ወጥቼ ሲኒማ ኢትዮጵያ መግባት ለምጄ፣ አሁን እሁድ ሲመጣ ግራ ይገባኛል። የናፈቀኝ ፊልሙ ብቻ አይደለም። መብራቱ ጠፍቶ ሰዉ ሁሉ ጸጥ የሚልባት ደቂቃ ናት።

ማህሌት፦ እሷን ቤት አታገኛትም። ቤት ደግሞ ሲኒማ የማይሰጥህ ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ። የሆሊዉዱን ዝርዝር ሌላው ይንገራችሁ። እኛ የራሳችንን ሰዎች ሥራ እናንሳ። በውጭ አገር ስንት ሽልማት ወስደው ብዙዎቻችን ገና ያላየናቸውን።

ዮናስ፦ በቃ ከ«ጤዛ» ጀምሪ።

ማህሌት፦ ከ«ጤዛ» ነዋ! የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ። በዓመቱ ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ታሪኩ የአንበርብር ነው። ጀርመን ተምሮ፣ አብዮቱን ብሎ አገሩ ገብቶ፣ በመጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ቤት ይመለሳል። ጣና አጠገብ ወዳለችው መንደር።

ዮናስ፦ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ታሪኩም ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ስልክ እየነካካችሁ ካያችሁት ያመልጣችኋል።

ማህሌት፦ እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከአባዬ ጋር አየሁት። አባዬ ስለዚያ የደርግ ዘመን አይናገርም። ስትጠይቀው «ያለፈ አለፈ» ብሎ ወሬ ይቀይርብሃል። ልጆቹ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተደበቁበት ቦታ ላይ ስንደርስ «አቁሚው» አለኝ። አቆምኩት። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ቆየት ብሎ የታናሽ ወንድሙን ስም ጠራ። አያቴ እሱን ጎተራ ውስጥ ደብቃው እንደነበር፣ ሌሊት ሌሊት ምግብ የሚወስድለት ደግሞ አባዬ ራሱ እንደነበር ነገረኝ። ዮኒ፣ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

ዮናስ፦ ሲኒማ ቤት ብትሆኑ «አቁሚው» ማለት አይችልም ነበር።

ማህሌት፦ እሱን ነው የምልህ! ወላጆቻችሁ አጠገባችሁ ካሉ ብቻችሁን አትዩት። ቡና አፍሉና አብራችሁ እዩት።

ዮናስ፦ የኔ «ድፍረት» ነው፤ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ፤ በርሊን ፌስቲቫልም እንደዚያው። ርእሱን ግን አስቡት። ድፍረት ጀግንነት ነው። «ተደፈረች» ስትል ደግሞ ሌላ ነው። ፊልሙ ሁለቱንም ነው የሚያወራው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች።

ማህሌት፦ በእውነት ከተፈጸመ ታሪክ ነው የተነሳው።

ዮናስ፦ አዎ። ጠበቃዋ ደግሞ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። ፊልሙ ላይ ሜሮን ጌትነት ናት የምትጫወታት። እኔን የነካኝ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው፤ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ስለ ልጅቷ ሲነጋገሩ። ክፉ ሰዎች አይመስሉም። የሚያውቁት ወግ ያ ስለሆነ ነው። በድሮው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው ያን ያስቀረው። ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ እናቶቻችን በዚያ ሕግ ሥር ኖረዋል።

ማህሌት፦ ከሕፃናት ጋር ግን አይሆንም።

ዮናስ፦ በፍጹም። ለእነሱ «ላምብ» አለ፤ የያሬድ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው መርሐ ግብር የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ቹኒ የምትባል በግ አለችው። አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል።

ማህሌት፦ ልጁ ወጥ መሥራት የሚወድ ነው አይደል? ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ የሚሸጠው?

ዮናስ፦ ራሱ! ለመሳፈሪያ ገንዘብ ለማጠራቀም። አጎቱ «የሴት ሥራ» እያለ ይቆጣዋል። የእህቴ ልጅ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ያየው፤ በጉ ግቢ ታስሮ እያለ። በነጋታው ማለዳ ስነሳ ቁርሱን ዳቦ ለበጉ ሲያጎርሰው አገኘሁት። ስምም አውጥቶለታል። እኛ ቤት በዚህ ፋሲካ ዶሮ ብቻ ነው የተሠራው።

ማህሌት፦ ወይኔ፣ አንጀቴን በላው!

ዮናስ፦ በጉ አሁንም ግቢ አለ።

ማህሌት፦ እንግዲህ ኔቱን እናውራ። ፊልሙ መሃል ላይ እየቆመ ካስቸገራችሁ፣ ማውረድ የሚፈቅድ መተግበሪያ ካላችሁ ሌሊት አውርዳችሁ አሳድሩት። የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑን ሞልታችሁ ጠብቁ።

ዮናስ፦ አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ቴሌግራም ላይ የተሰረቀ ኮፒ አትቀባበሉ። «ጤዛ»ን ለመጨረስ ኃይሌ ገሪማ ዓመታት ገንዘብ ሲፈልግ ነው የኖረው። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ከባለቤቱ ጋር የከፈቱት ሳንኮፋ የሚባል መደብር አለ፤ ፊልሞቹን ከዚያ ግዙ።

ማህሌት፦ አባዬ የቀረውን ዛሬ ማታ እንጨርሰው ብሎኛል። አክስቴንም በስልክ ሊያስገባት ነው። ስለ አጎቴ እሷ የበለጠ ታውቃለች አለኝ። ልሂድ፣ ቡናውን ላቀራርብ።