ስዊቹ የቤታችንን ትራፊክ ሲያሳየን፦ የትኛውን ፖርት እንይ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው ከራውተራችን አጠገብ የተቀመጠውን ስምንት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ያለውን፣ የቤቱን ዕቃዎች በኬብል የሚያገናኘውን ማኔጅድ ስዊች ነው። በመልኩ ከተራው ስዊች ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የራሱ አድራሻ ያለው በመሆኑ፣ በብሮውዘር ገብተን ልናዝዘው በመቻላችንና እያንዳንዱ ፖርት ምን ያህል ዳታ እንዳስገባና እንዳስወጣ ቆጥሮ የሚነግረን በመሆኑ ነው። ከዚህም በላይ በአንድ ፖርት የሚያልፈውን ሁሉ ቅጂ አውጥቶ በሌላ ፖርት ላይ ወደተሰካ ኮምፒውተር መላክ ይችላል፤ ይህ ችሎታ ፖርት ሚረሪንግ ይባላል፣ የኔትወርክ ዕቃዎች አምራቹ ሲስኮ ደግሞ ስፓን ይለዋል።

ይህ ችሎታ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከስዊች በፊት የነበረውን ሃብ ማስታወስ ይበቃል። ሃብ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነበር፤ አንዱ ኮምፒውተር የላከውን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ለተሰካው ሁሉ ያደርስ ስለነበር፣ ማዳመጥ የፈለገ ሰው ኬብሉን ሰክቶ መቀመጥ ብቻ ይበቃው ነበር። ስዊች ግን የትኛው ማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ ዕቃ የኔትወርክ መለያ ቁጥር) በየትኛው ፖርት እንዳለ እየተማረ በሰንጠረዥ ይይዝና ፓኬቱን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ላፕቶፓችንን ተራ ስዊች ላይ ሰክተን ፓኬቶችን የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ብንከፍት፣ የምናየው የራሳችንን ትራፊክና ለሁሉም በጅምላ የሚላከውን ብሮድካስት ነው። ዋየርሻርክ ጄራልድ ኮምብስ በ1998 እ.ኤ.አ. ኢተሪያል በሚል ስም ያወጣው፣ በ2006 ስሙ የተለወጠ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ላፕቶፑ ያልመጣውን ፓኬት ሊያሳየን አይችልም።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ በግቢያችን በር ላይ የተሰቀለችው ካሜራ ናት። በኬብል የተገናኘች፣ ምስሏን ከቤት ውጭ ሆነን በስልካችን የምናይባት ካሜራ ስትሆን፣ ማንም በማያያት ሰዓት ከማን ጋር እንደምትነጋገር ማወቅ ፈለግሁ። ጥርጣሬዬም መሠረት ነበረው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች ዕቃን ከርቀት ለማዘዝ በሚያገለግለው በቴልኔት እየገባ ሠራዊቱ ካደረጋቸው በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም ሥርዓት) አገልግሎት ሰጪ ድርጅት በማጥቃት ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። የእነዚያ ካሜራዎች ባለቤቶች አብዛኞቹ የሆነውን ነገር ለማወቅ መንገድ አልነበራቸውም፤ ካሜራው ምስሉን እስካሳየ ድረስ ደህና ይመስላልና።

እዚህ ላይ ስለ ቦታ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በዚህ ሥራ ላይ ከመሣሪያው ይልቅ የምንቆምበት ስፍራ ይወስናልና። ስዊቹን የኢንተርኔቱ ፋይበር ቤት ሲደርስ ከሚሰካበት ዕቃና ከራውተሩ መካከል ብናስቀምጠው የቤቱ የኢንተርኔት ትራፊክ በሙሉ ያልፍበታል፤ ነገር ግን ራውተሩ የውስጥ አድራሻዎቹን ሁሉ በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚተካቸው፣ የትኛው ፓኬት የቴሌቪዥኑ፣ የትኛው የካሜራዋ እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ከራውተሩ በስተውስጥ ብናስቀምጠው ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ በ192.168 የሚጀምር የራሱ አድራሻ ይዞ ይታያል፤ ሆኖም ዋይፋዩ ራሱ ራውተሩ ውስጥ ከሆነ የስልኮቹ ትራፊክ ስዊቹን ሳይነካ በቀጥታ ይወጣል። ሁሉንም እንይ ካልን የራውተሩን ዋይፋይ አጥፍተን የተለየ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ስዊቹ ላይ መስካት፣ ከዚያም ራውተሩ የተሰካበትን ፖርት ሚረር ማድረግ አለብን። ያኔም ቢሆን በአክሰስ ፖይንቱ ላይ ያሉ ሁለት ስልኮች እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡት አይታይም።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ እየሳልሁ ሳለ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ተመለከተችና፣ «እንግዲህ እኔና ልጆቹ በስልካችን የምናየውንም ልታይ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ትራፊኩ በአብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ ይዘቱን ማየት አልችልም ነበር፤ ግን ያ በቂ መልስ አይደለም። ምስጠራው ደብዳቤውን ቢደብቅም ላኪና ተቀባዩን፣ ሰዓቱንና መጠኑን አይደብቅም። የዲኤንኤስ ጥያቄ በተለመደው ፖርት 53 (ይህ የኬብል መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎት ቁጥር ነው) ከወጣ የድረ ገጹ ስም በግልጽ ይነበባል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንብ የወጣለት፣ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው የድረ ገጽ መንገድ) ውስጥ የሚያልፈው ዲኤንኤስ ያንን ቢሸፍነውም፣ ስሙ ግንኙነቱ ሲጀመር ባልተመሰጠረው ሰላምታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታያል። ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ ማን የትኛውን የሐኪም ድረ ገጽ እንደከፈተ ለማወቅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የቤተሰብ አባል ለሌላው አባል እንኳ የማይነግረው ገመና አለው፤ የኢንተርኔቱን ወርሃዊ ክፍያ የምከፍለው እኔ መሆኔም ያንን ገመና የእኔ አያደርገውም።

ማኔጅድ ስዊችን ለቤት የምመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ራውተር ላይ የሚጫን የክትትል ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሁሉንም መዝግቦ በኋላ ያጣራል፤ ስዊቹ ግን ገና ከመነሻው የትኛውን ፖርት እንደምናይና የትኛውን እንደምንተው ያስመርጠናል። እኔም የአክሰስ ፖይንቱን ፖርት ትቼ የካሜራዋን ፖርት ብቻ ሚረር አደረግሁ። ልጆቼንም ጠርቼ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው።

ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የታየኝ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነው ነው። ስዊቹንና ላፕቶፑን በዩፒኤስ (በባትሪ መጠባበቂያ) ስላቆየኋቸው መብራቱ እንደተመለሰ የሚሆነውን ከመጀመሪያው ፓኬት ጀምሮ መከታተል ቻልሁ። ካሜራዋ ገና አድራሻ ስለሌላት ከ0.0.0.0 ወደ 255.255.255.255 «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» እያለች ትጠይቃለች፤ አድራሻ ስታገኝ የራውተሩን ማክ አድራሻ ትፈልጋለች፤ ቀጥላ በዲኤንኤስ የአምራቿን ሰርቨር ስም ትጠይቃለች፤ በፖርት 123 ሰዓቷን ታስተካክላለች፤ ከዚያም ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ጋር ግንኙነት ከፍታ እንዳይቋረጥ በየጊዜው ትንንሽ ፓኬቶችን ትልካለች። ምስል የሚያክል ትልቅ ዳታ የወጣው እኔ ራሴ ከውጭ ሆኜ በስልኬ ስከፍታት ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ካሜራዋን ንጹሕ ናት አያሰኝም፤ ባየሁባቸው ሰዓታት ያደረገችው ይህን ነው ከማለት አላልፍም።

በዚያው ሰዓት ያልጠበቅሁትም መጣ። ብሮድካስት ወደ ሁሉም ፖርት ስለሚሄድ፣ ወደ ዋይፋዩ የሚመለሱት ስልኮች አድራሻ ሲጠይቁ ስማቸውን ጭምር ይዘው በካሜራዋ ፖርት በኩል ስክሪኔ ላይ ታዩ። ፖርት መርጦ መተው ብቻውን ሙሉ መጋረጃ አይሆንም ማለት ነው። ራውተሩም ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ወደተለያዩ ክፍሎች የሚከፍል ዘዴ) የሚያውቅ ከሆነ ካሜራዋን በራሷ ቪላን ውስጥ ማስገባት ይህንን ይዘጋዋል፤ ካሜራዋ ከተጠለፈች ወደ ኮምፒውተሮቹ እንዳትሻገርም ይረዳል።

ሚረሪንግ የራሱ ወሰን አለው። የአንድ ጊጋቢት ፖርት በአንድ ጊዜ አንድ ጊጋ እየላከ አንድ ጊጋ መቀበል ስለሚችል፣ ሁለቱን አቅጣጫዎች ወደ አንድ ባለ አንድ ጊጋ ፖርት ስንቀዳ ትርፉ ይወድቃል። ለአንዲት ካሜራ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ በቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል ለሚቀዳ ሰው ግን ያሳስታል።

እንደ እኔ አስተያየት ግን የቤት ኔትወርክ ጥያቄ አብዛኛው ሚረሪንግ ሳይነካ በፖርት ቆጣሪዎች ብቻ ይመለሳል። ልጄ የኮምፒውተሬ ኢንተርኔት ይንቀረፈፋል ሲል የከፈትሁት ዋየርሻርክን ሳይሆን የስዊቹን ገጽ ነው። የእሱ ፖርት ከ1000 ይልቅ በ100 ሜጋቢት ተገናኝቶ ነበር፤ የስሕተት ቆጣሪውም ይጨምር ነበር። ጊጋቢት ኢተርኔት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋ ግን በሁለቱ ይሠራል። ኬብሉን ተከትዬ ስሄድ የመኝታ ቤቱ በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚጨፈልቀው ቦታ ላይ ደረስሁ። ኬብሉ ተቀየረ፣ የማንንም ትራፊክ ሳላይ ነገሩ አለቀ።

የቀረው የስዊቹ የራሱ ደኅንነት ነው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም ይህንን ነው። ወደ ስዊቹ ገጽ መግባት የቻለ ሁሉ የፈለገውን ፖርት ወደ ራሱ ሊቀዳ ይችላል። በርካሽ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ገጹ ብዙ ጊዜ በተራ ኤችቲቲፒ ስለሚከፈት የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ያልፋል። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን መቀየር፣ ያንኑ ቃልም ለሌላ ነገር አለመጠቀም ግድ ነው። ሚረሪንጉን የማበራው አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ ወይም የካሜራዋ ሶፍትዌር ሲታደስ ብቻ ነው፤ ጥያቄዬ ሲመለስ አጠፋዋለሁ፣ የተቀዳውንም ፋይል እሰርዘዋለሁ።