"ጉበትህ ላይ ስብ አለ" ከተባልክ ልብህንም ተመርመር

ባለፈው ሳምንት በአየር ላይ ስለ ጉበት ስብ አውርተን ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ ስላለቀ ያልመለስኳቸው ጥያቄዎች ነበሩ፣ በችኮላ የመለስኳቸውም አሉ። እነሱን እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ከካዛንቺስ የደወሉ የ52 ዓመት አባት፦ "ዶክተር፣ ለኩላሊት ጠጠር ብዬ አልትራሳውንድ ስነሳ ጉበትዎ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። ባለሙያዋ ግን የብዙ ሰው ነው፣ አይጨነቁ አለችኝ። እርስዎ ደግሞ ልባችሁን ተመርመሩ ይላሉ። ጉበትና ልብን ምን አገናኛቸው?"

አባቴ፣ የብዙ ሰው መሆኑ እውነት ነው። በዓለም ላይ ከ10 አዋቂ ሰው 3ቱ ገደማ አለበት። ግን ደም ግፊትም እኮ የብዙ ሰው ነው፣ ቀላል ነው አንለውም። ደግሞ አልትራሳውንድ ጥቂት ስብን በደንብ አያይም። ካየው ትንሽ ጠርቀም ብሏል ማለት ነው።

ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው ሰዎች በብዛት የሚሞቱት በምን ይመስልዎታል? በጉበት አይደለም። በልብና በደም ሥር በሽታ ነው። ይሄ ለታካሚ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ስለሆነ በጣም ይቆጨኛል። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ይሰጥና ሰውዬው አጣጥፎ ኪሱ ከቶት ይሄዳል፣ ከ5 ዓመት በኋላ ልቡን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ ነው ወረቀቱ የሚወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ ስንበላ፣ በተለይ ስኳርና ነጭ ዱቄት ሲበዛ፣ ትርፉ ስብ ሆኖ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። እዚያ ቦታ ሲጠበው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይከማቻል፣ ጉበትም ውስጥ ይገባል። ስብ የሞላው ጉበት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ አልሰማ ይላል። እርስዎ ምንም ሳይበሉ አድረው እንኳ እሱ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ስቡንም እንዲሁ ይዞት አይቀመጥም። ወደ ደም ይልከዋል። ያኔ ትራይግላይሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ይጨምራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ መጥፎው ደግሞ እየደቀቀ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ በቀላሉ ሰርጎ የሚገባ ይሆናል። በዚያ ላይ የተቆጣ ጉበት ደም የሚያረጉ ነገሮችን አብዝቶ ይሠራል። የልብን ደም ሥር የሚያጠብበውም፣ የጠበበው ላይ ደም ረግቶ እንዲዘጋው የሚያደርገውም ከዚያው ከጉበት ይነሳል ማለት ነው። በ2023 የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው የበሽታውን ስም ሲቀይሩ ከሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ከሚጠቀምበት ሂደት፣ መዛባት ጋር ያያዙትም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ አሁን ግፊትዎን ይለኩ። ስኳርዎን ይታዩ፣ የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ኮሌስትሮልም ከነትራይግላይሰራይዱ ይሠራልዎ። ጉበቱ ጠባሳ መያዝ አለመያዙን ለመገመት ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲ እና ፕሌትሌት የሚባሉትን ተራ የደም ምርመራዎች ሐኪምዎ ከዕድሜዎ ጋር ያሰላቸዋል፣ ፊብ ፎር ይባላል። በእርስዎ ዕድሜ ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ የጠባሳው ስጋት ዝቅተኛ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ግን የጉበት ሐኪም ይይዎት። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ይቁም።

ከፒያሳ፣ የ29 ዓመት ወጣት፦ "ቀጭን ነኝ፣ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። ጉበትህ ላይ ስብ አለ ስባል እናቴ ደብቀህ ትጠጣለህ ብላ ተቀየመችኝ።"

ወንድሜ፣ ለእናትህ ይሄን አንብብላቸው፤ ልጅዎ ሳይጠጣ ጉበቱ ላይ ስብ ሊኖረው ይችላል። አንተን ደግሞ ስልክ ላይ ስጠይቅህ በቀን 2 ለስላሳ እንደማይቀርህ ነግረኸኛል። አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 8 የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለው፣ ከዚያ ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ ነው፣ ፍሩክቶስን ደግሞ በአብዛኛው የሚቀበለው ጉበት ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያወጣ ሰው "ቀጭን ነኝ" ይላል። ሚዛኑን ተወውና ወገብህን ለካ። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ወገብህ ከዚያ በታች ቢሆንም ስኳርህንና የደም ስብህን ታይ፣ በዘር የሚመጣም አለና።

ከአራት ኪሎ የደወሉ እናት፦ "ልጄ፣ እኔ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ። ሥጋና ቅቤ የምነካው በፍስክ ብቻ ነው። እንዴት ነው ጉበቴ ላይ ስብ የሚገኘው?"

እማማ፣ ይሄን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ጾሙ ራሱ ለልብ ጥሩ መሠረት ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ባቄላው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ነው። ጠዋት ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር፣ ከነጭ ዳቦ ጋር። መክሰስ ላይ ሳምቡሳ ወይም ቦምቦሊኖ። ማታ ፓስታ በድንች። ወጡ ደግሞ ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ። ይሄ ሁሉ የጾም ነው፣ ጉበት ግን ትርፉን ስብ ያደርገዋል። ጉበት ስብን ራሱ ከስኳርና ከዱቄት ይሠራል እንጂ የግድ ሥጋ እስኪመጣለት አይጠብቅም።

ዘይቱን ላንሳ። ያ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ ቅባት ነው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። ዋጋው ረከስ ስለሚል ብዙ ቤት እሱ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ "ተዉት" ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ከቻሉ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ያድርጉት። ካልቻሉ መጠኑን ይቀንሱ። በጭልፋ ይለኩት እንጂ ከጀሪካኑ አይገልብጡት። የጠበሱበትንም ዘይት ደጋግመው አይጥበሱበት።

ቡናዎን ግን አልነካብዎትም። ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ጠባሳ ያነሰ ሆኖ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስኳሩን ብቻ ቀስ በቀስ ይቀንሱት።

ከመርካቶ፣ የ47 ዓመት ነጋዴ፦ "የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዞልኝ ነበር፣ አቶርቫስታቲን። ጉበት ይጎዳል ብለው ሲነግሩኝ አቆምኩት። አሁን ጉበት የሚያጥብ የባህል መድኃኒት ጀምሬያለሁ።"

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። የገለበጥከው ነገር ነው። ስታቲን፣ ያንተ አቶርቫስታቲን የሚመደብበት የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ጉበታቸው ላይ ስብ ላለባቸው ሰዎች ደህና መድኃኒት ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ሊል ይችላል፣ በደም ምርመራ እናየዋለን፣ ከባድ ጉዳት ግን በጣም አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው። ጉበቱ ፈጽሞ ደክሞ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፣ አንተ እዚያ አይደለህም። አንተን አሁን የሚያሰጋህ ልብህ ነው፣ ያቆምከው ደግሞ ልብህን የሚጠብቀውን ነው።

ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቅጠል ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ሻጩም አይነግርህም። በእንዲህ ያለ ድብልቅ ጉበታቸው ተጎድቶ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ጉበት ራሱ ነው አጣቢው፣ የሚያጥበው አያስፈልገውም። ስለ ጫቱም ጠይቀኸኝ ነበር። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ጉበትም ይጎዳል። በዚህ ሳምንት ሐኪምህ ጋ ተመለስ፣ ማቆምህን ሳትደብቅ ንገረው።

ለገሃር አካባቢ የሚሠራ፣ ፒያሳ የሚኖር አድማጭ፦ "90 ኪሎ ነኝ። ስንት ብቀንስ ነው ለውጥ የሚመጣው? ቅዳሜ ቅዳሜ ድራፍትስ?"

አንተ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል ስትቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል። ከ6 እስከ 9 ኪሎ ስትደርስ ቁጣው ይበርዳል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። ግፊቱም ስኳሩም አብረው ይወርዳሉ። በ1 ወር እጨርሳለሁ ብለህ ራስህን አታስርብ። በዓመት ውስጥ ቢሆን ይበቃል።

ሲመሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከምትቆም ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ተራመድ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ በሳምንት 5 ቀን ካደረግኸው የሚመከረው 150 ደቂቃ ሞላ። ኪሎህ ባይቀንስ እንኳ እንቅስቃሴው ብቻውን የጉበት ስብ ይቀንሳል። ስትወጣ ደረትህን ከጨመቀህ ግን ቁምና ልብህን ሳትመረመር አትቀጥል።

ድራፍቱን ተወው። ጉበትህ ላይ ስብ እያለ አልኮል ሲጨመር ጉዳቱ ይደራረባል። መድኃኒትም ጠይቀሃል። አሜሪካ ውስጥ በ2024 ሬስሜቲሮም፣ በ2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ ጠባሳ ለጀመረ የጉበት ስብ ተፈቅደዋል። ያንተ ግን ገና በእግርህ የሚስተካከል ነው።

ከስድስት ኪሎ የደወለች ልጅ፦ "አባቴ 58 ዓመቱ ነው፣ ስኳርም የጉበት ስብም አለበት። ሰሞኑን ዳገት ሲወጣ ደረቱ ላይ ይከብደዋል። ጨጓራ ነው ይላል።"

እህቴ፣ እኛ አገር ከአንገት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ፣ ጋዝ ወይም ብርድ ይባላል። ሲራመድ የሚመጣና ሲያርፍ የሚተው የደረት ክብደት የልብ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የጨጓራ አይባልም። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የልብ ሕመም በደንብ ላያም ይችላል፣ ድካም፣ ላብ ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ይመጣል። ነገ ጠዋት ልብ ወደሚታይበት ውሰጂው፣ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ይነሳ። ኢሲጂው ደህና ነው ቢባልም ሲራመድ እንደሚከብደው አስረግጠሽ ንገሪያቸው፣ አርፎ እያለ የተነሳ ኢሲጂ ብዙ ጊዜ አያሳየውምና። ዕረፍት ላይ እያለ ከጀመረው፣ ወይም አርፎ ካልተወው፣ ነገን አትጠብቂ። ለአምቡላንስ 907 ደውዪ። "አይ፣ ጨጓራዬ ነው" ቢልሽም ይዘሽው ሂጂ።