ክፍል 63፦ "ልጄ፣ ሁሉንም አልሽላቸው?"

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀይዋ መብራት በርታለች። እሺ።

ሰላም ናችሁ? አዎ፣ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። አዎ፣ ጋራዥ ውስጥ። አዎ፣ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ባለፈው "ጭሱ እንዳይገድልሽ" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ጠብ ጠብ የሚለው ዝናቡ ነው፤ ዋሽንግተን ስቴት እየኖርኩ እሱን ዝም ማሰኘት አልችልም።

ዛሬ የፀጉር ቤቷን ጉድ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። አልጨርስም። ይቅርታ። ሌላ ነገር አልወጣልኝ ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዞኝ ይዞራል።

የቦርዱ ጉዳይ ነው፤ ያ አባል የሆንኩበት የኮንሰርቬሽን ዲስትሪክት፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ወረዳው ማለቴ ነው፣ ቦርድ። አውቃለሁ፤ "ደግሞ ስለ አፈር ልታወራ ነው" ያላችሁ አላችሁ። እህቴ እስከ ዛሬ ስልኳ ላይ "ጭቃ ሹም" ብላ ነው የመዘገበችኝ። ኮንሰርቬሽን ዲስትሪክት ምን እንደሆነ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረድቻት መጨረሻ ላይ "አሃ፣ ጭቃ ሹም ሆንሽ በይኛ" አለችኝ፣ አለቀ። ደመወዝ የለውም ስላት ደግሞ "ጭቃ ሹም እንኳ የሚደርሰው ነበረው" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። የቤንዚን ተመላሽ አለ፣ ቡና አለ፣ ሌላ የለም። አምስት ነን። ሦስቱ የተመረጡ፣ ሁለታችን የስቴቱ ኮሚሽን የሾመን። አንዱ ዙር ሦስት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዲስትሪክት በዚህ ስቴት ብቻ 45 አለ፤ በአገሩ በጠቅላላ ወደ 3,000 ይጠጋል፤ ጎረቤቶቼ ግን አንዱ ውስጥ እንደሚኖሩ አንዳቸውም አያውቁም። ምርጫ ሲደረግም አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር፤ የገባሁት በዛፍ ሽያጩ ነው።

የዛፍ ሽያጩን ታስታውሳላችሁ አይደል? ዲስትሪክቱ በየዓመቱ ክረምት ሊወጣ ሲል ችግኝ በርካሽ ይሸጣል። አፈር የለው፣ ቅጠል የለው፣ ሥሩ ራቁቱን፣ አሥር አሥር ታስሮ። ለማኅበራችን ሴቶች ሁሉ አስገዛኋቸው። በማግስቱ ስልኬ መጮኽ ጀመረ፤ "እንጨት ነው የሸጥሽልን" እያሉ። አንዷማ እስካሁን "ማገዶሽ ደርሶኛል" ትለኛለች። በቅሎላታል እኮ! ከአጥሯ በላይ ሆኗል! ግን አታምንም።

ምን ልላችሁ ነበር… አዎ፣ ስብሰባው።

ስማቸውን አልጠራም። ጋሼ ልበላቸው። ከሰባ አልፈዋል። ከሌሎች ጋር ሆነው ትንሽ መሬት ተከራይተው የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም ያመርታሉ፤ ለሐበሻ ሱቆችም ይሸጣሉ። ከእሳቸው በላይ ዳገቱ ላይ ፈረስ የሚያረቡ ሰውዬ አሉ። ባለመሬት ናቸው። ክረምቱን ሙሉ የፈረስ ፋንድያ ከዝናቡ ጋር እየተንሸራተተ ወደ ጋሼ መደብ ይወርዳል።

በዚያ ምሽት አጀንዳችን ላይ የፈረሰኛው ሰውዬ ማመልከቻ ነበር። ለፋንድያው ጣሪያ ያለው ማጠራቀሚያ፣ ለፈረሶቹ አጥር፣ ለጣሪያው አሸንዳ። ኮስት ሼር ነው፤ ከወጪው ትልቁን ድርሻ ዲስትሪክቱ ይከፍላል፣ ቀሪውን እሳቸው። ሥራችን እኮ በአጭሩ ይሄ ነው። ማንንም አናስገድድም፤ አንቀጣም። "እባክህ ይሄን ብትሠራ ግማሽ መንገድ እንመጣልሃለን" ነው።

ይሄንን ነገር ደግሞ ወድጄዋለሁ፤ ለዚህ ነው የገባሁት። እዚህ አገር በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ) አፈሩ በነፋስ ተጠርጎ ሲሄድ፣ ሂው ሃመንድ ቤኔት የሚባል የአፈር ሰው ነበር። በ1935 ሴኔቱ ፊት ቀርቦ ስለ አፈር እያስረዳ ሳለ ከሜዳው ክልል የተነሳው አቧራ ዋሽንግተን ዲሲ ሰማይ ላይ ደረሰ። እንዲደርስለት ብሎ ንግግሩን እያስረዘመ ነበር ይባላል። አስቡት! አቧራ ቀጥሮ የመጣ ሰው! ሕጉ በዚያው ዓመት ወጣ። በኋላ ግን ገበሬው ከዋና ከተማ የሚላክ ሰው ትእዛዝ እንደማይሰማ ገባቸው መሰለኝ፣ በ1937 ሩዝቬልት ለየስቴቱ ገዢ ረቂቅ ሕግ ላከ፤ በየአካባቢው ነዋሪው ራሱ ቦርድ ሆኖ ይምራው የሚል። የመጀመሪያው የተቋቋመው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ነው፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ። ጎረቤት ጎረቤቱን ይስማ ነው ሐሳቡ።

ጎረቤት ጎረቤቱን ይስማ። ኧረ ተዉኝ።

እና ጋሼ መጡ። ማንም እንዲመጡ አልነገራቸውም። ማስታወቂያውን ያነበበላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። የዝናብ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ሲባል ማንም የለም፤ ሊቀመንበሯ ባዶውን ክፍል አይታ "ማንም የለም" ብላ ታልፋለች። ያን ቀን አንድ እጅ ወጣ።

ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ሊቀመንበራችን ደግ ሰው ናት፤ በአማርኛ እንደሚናገሩ ስታውቅ "ትርጉሙ ስላለ ስድስት ይሁንላቸው" አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስተርጓሚ ነኝ እንዴ? ግን እምቢ አይባልም። ተነስቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ነበር። በእስክሪብቶ ጽፈው መጥተዋል። ጥፍራቸው ሥር አፈር አለ፤ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተጣጥፎ ያው ዳሩ ጠቁሯል። መጀመሪያ አመሰገኑ። ተረጎምኩ። ቀጥለው ውሃው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በእጃቸው አየር ላይ ሣሉ፤ ሁለት መደብ ጎመን ነቅለው እንደጣሉ ተናገሩ፤ "ፋንድያ የነካውን ቅጠል ለሰው አልሸጥም" አሉ። ተረጎምኩ። ውሃ መቀልበሻ ቦይ ለማስቆፈር ትረዱኛላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። ከሠራተኞቻችን አንዷ በጣም በትሕትና መለሰችላቸው፤ ለዚያ የባለመሬቱ ፊርማ ያስፈልጋል፣ እርስዎ ተከራይ ነዎት። የጋሼ አከራይ ደግሞ ሌላ ስቴት ነው ያሉት፤ ስልክ አያነሡም።

ይሄኔ ወረቀቱን አጠፉት። ኪሳቸው ከተቱት። ሊቀመንበሯን ትተው እኔን እያዩ፣ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፣ እንዲህ አሉኝ፦

"እኔ እኮ በወጣትነቴ መሬት ላራሹ ብዬ የጮህኩ ሰው ነኝ። ዛሬ በስተርጅናዬ ጭሰኛ ሆኜ እናንተ ፊት ቆምኩ። ለባለፈረሱ ትከፍላላችሁ፤ ለእኔ ፊርማ አምጣ ትሉኛላችሁ። ይሄንን ንገሪያቸው።"

ዝም አልኩ። ስንት ሴኮንድ እንደሆነ አላውቅም። አራቱም ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል።

ጭሰኛን ምን ብላችሁ ትተረጉሙታላችሁ? እስቲ ንገሩኝ። ቴናንት? ቴናንት ማለት እኮ አፓርትመንቱ ውስጥ ቧንቧ ሲበላሽ ለማኔጀሩ የሚደውል ሰው ነው። እርቦውን የት አመጣዋለሁ፣ ሲሶውን የት አመጣዋለሁ፣ ደጅ ጥናቱን? የካቲት 25 ቀን 1967ን ከየት አምጥቼ ነው በሠላሳ ሴኮንድ የምነግራቸው? ያ የመሬት አዋጅ ሲነገር እኚህ ሰው ሃያ ምናምን ዓመታቸው ነበር።

እና ምን አልኩ? "እንደ ተከራይ የእሳቸውም ጉዳይ ቢታሰብ ደስ ይላቸዋል። ለሰጣችኋቸው ጊዜ ያመሰግናሉ" አልኩ።

ያመሰግናሉ!

የቃል ማጣት አልነበረም። ማለቴ… ቃሉም የለም፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ቃል ቢጠፋ ሐሳቡ አይጠፋም። "ለባለፈረሱ ትከፍላላችሁ" የሚለውን ለመተርጎም ምን ይቸግራል? ሦስተኛ ክፍል ልጄ ትተረጉመዋለች። ፈራሁ መሰለኝ። ወይ አፈርኩ። ወይ ደግሞ፣ ይሄ ነው የሚከነክነኝ፣ ለእሳቸው ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ነው ያደረግኩት። "የእኛ ሰው ተቆጣ" እንዳይባል። አላውቅም። ልተወው።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ሰከንድ ያደረግኩት፣ ማለቴ ይጽደቅ የሚለውን ሐሳብ የደገፍኩት፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ቆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት። ውሳኔው ትክክል ነው እኮ! ፋንድያው ከላይ ነው የሚመጣው። ላይኛው ጋር ካልተያዘ ታች ሺህ ቦይ ብትቆፍር ዋጋ የለውም። አባቴን በማግስቱ ደውዬ ጠየቅኩት። የወሎ ሰው ነው፣ እርከን የሠራ። ከ77 ድርቅ በኋላ በገበሬ ማኅበር እየወጡ ዳገቱን ሁሉ ካብ በካብ አድርገውታል፤ በቀን ለሠራበት 3 ኪሎ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለት ነበር። "ውሃ የሚገራው ከጋራው አናት ነው፤ ከታች የጀመረ ድንጋይ አመላላሽ ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ይኸው፣ ትክክል ነበርኩ።

ከዚያ ሳልጠይቀው ቀጠለ። በ83 መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ሰው ያንኑ ካብ አፈረሰው፣ የተተከለውንም ዛፍ ቆረጠው። "እኔም አፍርሻለሁ" አለኝ። አባቴ! በገዛ እጁ የካበውን! "ለምን አባዬ?" ስለው "ስንዴውን ሰፈሩልን እንጂ ማን ጠየቀን?" አለኝ። ከዚያ ስለ በጉ ዋጋ አወራኝ። ለእሱም ቢሆን ስለ ድምፁ ብቻ ነው የነገርኩት። የትርጉሙን አልነገርኩትም።

ስብሰባው ሲያልቅ ጋሼ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቁኝ። ዝናቡ እየወረደ ነው። ፌስታል ሰጡኝ፤ ጎመን። "ከላይኛው መደብ ነው፣ ውሃው አልደረሰበትም፣ አትፍሪ" አሉኝ። ከዚያ ፊቴን እያዩ፦

"ልጄ፣ ሁሉንም አልሽላቸው?"

"አዎ ጋሼ" አልኩ።

ቶሎ ነው ያልኩት። አስቤበት ቢሆን እኮ… አላሰብኩም። "አዎ ጋሼ።" ትከሻዬን ነካ አድርገው "እንግዲህ ሰምተዋል" አሉ። ሄዱ።

እንግዲህ ሰምተዋል።

እንግሊዝኛ ይገባቸው ይሆን? ይሄን ያሰብኩት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እዚህ አገር ሃያ ምናምን ዓመት ኖረዋል፤ ታክሲ ነድተዋል። ቢገባቸውስ? አውቀው ቢሆንስ የጠየቁኝ? ኧረ አይሆንም። ደግሞም ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ እህቴ ደውላ "ጭቃ ሹም፣ እንዴት ዋልሽ?" ስትለኝ ዘጋሁባት። ግራ ገብቷታል። ጭቃ ሹም እኮ… ከላይ ከጌታው፣ ከታች ከባላገሩ፣ መሃል ላይ የቆመ ሰው ነው። የላዩን ለታች፣ የታቹን ለላይ እየመጠነ የሚያቀብል። ተዉት፣ ቀልድ ነው።

አሁን ለምን ዛሬ ታወሪዋለሽ ካላችሁ፣ ቃለ ጉባኤው ትናንት በኢሜይል መጣ። ረቡዕ እናጸድቀዋለን። ከፈታችሁት ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሁለት መስመር ናት፦ አንድ የአካባቢው ነዋሪ በአስተርጓሚ አማካይነት ስለ ውሃ መቀልበሻ ጠየቁ፤ ለቦርዱም ምስጋና አቀረቡ። በቃ። ይሄው ነው ተመዝግቦ የሚቀረው።

"ማረሚያ ያለው?" ብላ ትጠይቃለች ሊቀመንበሯ። ሁሌም ትጠይቃለች። ማንም ማረሚያ ኖሮት አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የአንዱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። እና እኔ ምን ልል ነው? "ማረሚያ አለኝ፤ ምስጋናው የእኔ ነው፣ የእሳቸው አይደለም" ልል ነው? ከዚያ ጭሰኛ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ? ከዚያስ ድምፄን ላንሳ? ድምፄንማ አላነሳም፣ ትክክል ነው አልኳችሁ… ትክክል መሰለኝ። ወይ መጀመሪያ ጋሼ ጋ ልደውል። ሁለቴ ቁጥራቸውን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን አዎ ያልኩዎት…"

ጎመኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው። አልቀቀልኩትም። ዳር ዳሩ ቢጫ እየሆነ ነው። ባለቤቴ ሊጥለው ሲል "እንዳትነካው!" ብዬ ጮኽኩበት፣ እሱም…

ቆዩ። በሩ ተከፈተ። ምን ሆንሽ እናቴ? ውሃ? እዚያው ሁኚ፣ ባዶ እግርሽን ነሽ። መጣሁ።

እሺ፣ የፀጉር ቤቷን… አላውቅም፣ በሚቀጥለው። ወይ ከረቡዕ በኋላ። መጣሁ አልኩሽ እኮ—