ፖም የበሉት ሴናተሮች

እሺ፣ ገባን። ድምፄ ከራቀባችሁ ማይኩ ነው፣ አሁንም አልቀየርኩትም፣ ኮመንት ላይ እንዳትነዘንዙኝ። ዛሬ ያንን ቃል የገባሁላችሁን ርዕስ ላወራ ነበር። አልሆነም። አሮን ቡር የሚባለው ሰውዬ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። አዎ፣ የአሜሪካን የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሃሚልተንን የገደለው ምክትል ፕሬዚዳንት። "ደግሞ አሜሪካ!" የምትሉኝ፣ ሰምቻለሁ።

ግድያውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1804፣ ኒው ጀርሲ፣ ከኒው ዮርክ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሽጉጥ ለሽጉጥ። ሃሚልተን በማግስቱ ሞተ። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውዬው በነፍስ ግድያ ተከሶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዋሽንግተን ተመልሶ የሴኔቱ ወንበር ላይ ቁጭ! ስብሰባ ሊመራ! ሴኔቱን መምራት የምክትል ፕሬዚዳንቱ ሥራ ነዋ።

በ1805 መጀመሪያ ደግሞ ሴኔቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኛ ሳሙኤል ቼዝን ከሹመቱ ይነሳ አይነሳ ብሎ ለመዳኘት ተቀመጠ። ችሎቱን የሚመራው ማን ነው? ቡር። እና አንድ ቀን ሴናተሮቹን ይቆጣቸዋል። ምስክር እየተጠየቀ በመሀል ታልፋላችሁ፣ ፖም ትገምጣላችሁ፣ ኬክ ትበላላችሁ ብሎ። ፒክሪንግ የሚባለው ተነስቶ፣ ፖም በልቻለሁ፣ ግን አንተ ከወንበርህ በተነሳህበት ሰዓት ነው አለ። ቡርም፣ አንተን ማለቴ አይደለም፣ አላየሁህም አለው። ራይት የሚባለው ግን ኬክ በልቻለሁ፣ መብቴ ነው፣ ደክሞኝ ነበር፣ ማንንም አልረበሽኩም፣ እንደ ተማሪ አትገሥጸኝ ብሎ ፈነዳ። ይሄን አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። በነፍስ የሚፈለግ ሰው እኮ ነው ስለ ፖም የሚቆጣው። እና ደግሞ... ልክ ነበር! ችሎት ነዋ!

አንዳንዴ ጥፋቱን ወንበሩ ላይ አላክካለሁ። የመጀመሪያው ምክትል ጆን አዳምስ በ1793 ለሚስቱ ሲጽፍ፣ የሰው ልጅ ከዚህ የባሰ እርባና ቢስ ሹመት ፈጥሮ አያውቅም ብሏታል። ያኔ ምክትሉ ሴኔት ውስጥ ተጎልቶ ይውላል፣ ድምፅ እኩል ሲሆን ብቻ ይመርጣል። ያኔ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየግዛቱ ወኪሎች ለሁለት ሰው ድምፅ ይሰጣሉ፣ የቱ ለፕሬዚዳንት፣ የቱ ለምክትል እንደሆነ አይለዩም። በ1800 ምርጫ ጄፈርሰንና ቡር 73 ለ73 ወጡ። እኩል ስለሆኑ ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ፣ እሱም 36 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነው ጄፈርሰን ያለፈው። ቡር ለምክትልነት የተወዳደረ ሰው ነው፤ ግን እኔ አልፈልግም፣ ለእሱ ይሁን ብሎ ቁርጡን አልተናገረም። በ1804 ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው ድምፁን ለያዩት። የኔው ጉድ ግን ሌላ ነው።

መጋቢት 2፣ 1805። ቡር ሊሰናበት ተነሳ። ይህ ቤት የሕግ ምሽግ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ በአምባገነን እጅ ሊሞት ቢሆን እንኳ ሲያጣጥር የሚታየው እዚሁ ወለል ላይ ነው፣ የሚል ነገር ተናገረና ወጣ። ሴናተሮቹ አለቀሱ። የምሬን ነው፣ እንባ! በሁለት ዓመቱ ያው ሰው ሪችመንድ ላይ በአገር ክህደት ተከሶ ቀረበ። በነፃ ተለቀቀ እርግጥ።

ታዲያ ምን አስለቀሳቸው? ንግግሩ ነው እላለሁ፣ ምላስ ነበረው። ደግሞ ወንበሩን በደንብ ይዞት ነበር እላለሁ፣ ያ ችሎት ያለ እሱ ገበያ ይሆን ነበር። ግን እንዲህ ስል ሃሚልተን ትዝ ይለኛል፣ ሚስቱና ልጆቹ፣ እና ኧረ ተወኝ እላለሁ። ያው ደግሞ ቼዝም በነፃ ወጣ፣ ያ ውሳኔ ደግሞ ለዳኞች ነፃነት እስከ ዛሬ... አይ፣ እሱን ካነሳሁት አንጨርስም፣ ብቻ...