ሰው የለኝም

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው። ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ነበር። የእንጦጦን የንጋት ብርድ የቀመሰው ያውቀዋል።

ዛሬ ስለ እማዬ ነው የማወራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። አንደበቷ ተመለሰ። እግሯም በከዘራ ይራመዳል። ቀኝ እጇ ግን እምቢ አለ። ያ ስንት ዘመን እንጀራ ሲጋግር የኖረ እጅ።

ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ጠበል ትጠጣለች። ከዚያ እጇን እምነት እቀባታለሁ። ለማታውቁ፣ ከጠበል ቦታ የምናመጣው አመድ ስሙ «እምነት» ነው። «እምነት አለሽ?» ስትለኝ ስለ ፌስታሏ ይሁን ስለ ልቤ አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። ቁርስ ስትበላ የደም ግፊት ኪኒኗን ትውጣለች። ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ ነው። የተጨበጡ ጣቶቿን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ። እሷ በየጣቱ «አቤቱ ማረኝ» ትላለች። አምስት ጣት፣ አምስት «አቤቱ»። ስለቃቸው ተመልሰው ይጨበጣሉ።

ባለፈው አንዲት ዘመዳችን ልትጠይቃት መጣች። ቡናውን ሁለተኛ ከጠጣች በኋላ «በሙሉ ልብሽ ብታምኚ እኮ እስካሁን ትድኚ ነበር» አለቻት። እማዬ «እሱ ያውቃል» ብላ ዝም አለች። እኔ ግን ጀበናውን ይዤ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። በንዴት ነው።

ያን ቀን ማታ ዮሐንስ 5ን አወጣሁ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ የሚባለው በዚህ ታሪክ ነው። ሰውየው 38 ዓመት ታሟል። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ የሚድንበት ቤተ ሳይዳ መጠመቂያው ዳር ተኝቷል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። እሱ «አዎ» እንኳ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ የለም፣ ሌላው ይቀድመኛል። እስቲ አስቡት፣ 38 ዓመት ሙሉ እየቀደሙት!

ከዚያ ተነሣ፣ አልጋውንም ተሸክሞ ሄደ። «ማን ነው የፈወሰህ?» ሲሉት አላወቀም። ስሙን እንኳ አያውቅም። በእኛ ትርጓሜ ደግሞ ኋላ ጌታን በጥፊ የመታው እሱ ነው ይባላል። ታዲያ የዚህ ሰውዬ እምነት በምን ተለካ? ዘመዳችንን ይህን ብጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ቡናዋን ጠጥታ ሄዳለች።

ጳውሎስስ? የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ደግሞ ታሞ ሚሊጢን ከተማ ትቶት ሄደ። ያውም ጳውሎስ!

ስለ ኪኒኑም ልናገር። ጠበል ቦታ ወረፋ ላይ «መድኃኒቱን ተይው፣ ጠበሉ ላይ ድርብ ነገር አይሆንም» ያለችን ሴት ነበረች። ክፋት የላትም፣ የራሷን ጀሪካን ተሸክማ ነው የምትመክረው። ግን ይኼ ምክር እዚሁ ተራራ ላይ ሰው ጎድቷል። ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም ጠበል በሚጎርፉበት ዘመን መድኃኒታቸውን ያቆሙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። እማዬ ለሴትየዋ ይኼን አልተናገረችም። «ኪኒኑንም በስመ አብ ብዬ ነው የምውጠው» አለቻት። አለቀ።

አንድ ቀን ጣቶቿን እየዘረጋሁ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ አይሰለችሽም?»

«ምኑ?»

«አንድን ነገር በየቀኑ መለመን።»

«አንቺ ያቺን ቀይ ጫማ ግዢልኝ ብለሽ ስንት ወር ጨቀጨቅሽኝ?»

«አልገዛሽልኝም እኮ።»

ሳቀች። «አልገዛሁልሽም። ግን ሌላ እናት ፍለጋ ሄድሽ?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ እንደሷ አልጸልይም። ሰልችቶኝ የተውኩባቸው ሳምንታት አሉ። በነዚያ ሳምንታትም ግን ጠበሉን መቅዳት፣ ጣቶቿን መዘርጋት አላቆምኩም። «ሰው የለኝም» እንዳትል ነው መሰለኝ። ይኼ ጸሎት ይባል አይባል የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። «አንቺ ብቻ ጀሪካኑን አትጣይ» አሉኝ።

ትናንት ከእንጦጦ ስመለስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ቀኝ አውራ ጣቷን እያየች «ተንቀሳቀሰ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ብዙ አየሁት። እኔ አልታየኝም። «ቆይ፣ ደግሞ እዪ» አለች። መነጽሬን አመጣሁ።