እናቴ ደጅ ስትሳለም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ይህን ክፍል የምቀዳው ጅማ፣ ከቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ዝናቡ ገና አሁን ስላባራ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ቢሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእናቴ ጋር ወደ ላሊበላ ስላደረግነው አጭር ጉዞ ነው።

እናቴ ላሊበላን ለመሳለም የተሳለችው እኔ ሳልወለድ ነው። ስለቱን ለመፈጸም ገንዘቡም ጤናውም አንድ ላይ የተገጣጠመላት በስድሳ ስምንት ዓመቷ ሲሆን፣ እኔም በአንድ የጉዞ አዘጋጅ በኩል አስመዘገብኋት፤ አብሬያትም ሄድኩ። የተሰጠን መርሐ ግብር ለአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የመደበው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት የመጀመሪያው ምድብ፣ ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ምድብና ቤተ ጊዮርጊስ፣ በማግስቱ ደግሞ መመለስ ይላል። ወረቀቱን ሳነበው በቂ መስሎኝ ነበር።

ሐሳቤን የቀየረው የመጀመሪያው ደጃፍ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከአሥራ አንዱ ሁሉ ትልቁ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር፣ ወርዱም ወደ 23 ሜትር ይደርሳል። የቡድናችን ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ወዲያው ገቡ። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀኝና ግራ መቃኑን ስማ፣ መድረኩን ለመሳለም ጎንበስ አለች፤ እዚያው እንደተደፋችም ለረጅም ጊዜ ቆየች። አዘጋጁን ወክሎ የመጣው ሰው ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ እኔ አፍሬ ክንዷን ያዝ አደረግኋት። ያን ማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አስጎብኚያችን፣ የዚያው የላሊበላ ልጅ የሆነ ወጣት፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ጠጋ አለና «ተዪያቸው፤ እኛ እንጠብቃቸዋለን» አለኝ።

እናቴ ስትነሣ የስልኩን መብራት በግድግዳው ላይ አግድም አበራና «እናቴ፣ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ» አላት። ብርሃኑ በጎን ሲያልፍ፣ ለስላሳ የመሰለኝ ድንጋይ ሁሉ የመሮ ምት ያለበት ሆኖ ታየኝ፤ እያንዳንዱ ምት የአውራ ጣት ያህል ስፋት አለው። ከዚያ በኋላ አሠራሩን ያስረዳን ጀመር። ይህ ቤት እንደ ሌላው ቤት ከመሠረት ወደ ላይ የተገነባ አይደለም። በመጀመሪያ በዓለቱ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ መካከሉ ለብቻው እንዲቆም ተደረገ፤ ቀጥሎም ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች እየተወረደ፣ መስኮቱና በሩ እየተከፈተ፣ ውስጡ እየተፈለፈለ ዓምዱና ቅስቱ በየቦታው ቀረ። የሚገነባ ሰው የተሰበረውን ድንጋይ በሌላ ይተካል፤ የሚፈለፍል ሰው ግን አንድ ዓምድ ቢሳሳት የሚተካበት የለውም። ይህን ስሰማ፣ ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ ብቻ የማውቀው ቦታ የሰው እጅና የሰው ጥንቃቄ ሆኖ ታየኝ። እናቴም «ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ሠርተውታል» የሚለውን ትውፊት ስታነሣ፣ ወጣቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እኛም የምንለው እንዲሁ ነው» አላት። አንዱን ለመናገር ሌላውን መንቀፍ አላስፈለገውም።

ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች ስለማይገቡ እናቴና እኔ ከቡድናችን ሌሎች ሴቶች ጋር ውጭ ቀረን። ወንዶቹ ሲወጡ አስጎብኚው አጠገባችን ተቀምጦ፣ በውስጥ ግድግዳው ላይ በሰው ቁመት ስለተቀረጹት የቅዱሳን ምስሎች፣ የቅዱስ ላሊበላ መቃብርም በዚያ እንዳለ ስለሚነገረው ትውፊት ሳይቸኩል ተረከልን። እናቴ «ከደጁ መድረሴ ይበቃኛል» አለችው።

በዚህ አካሄድ ሁለተኛው ምድብ በቀኑ ሊያልቅ አልቻለም። ከቡድኑ ጋር ሄደን ሁሉንም በሩጫ ከማየት ጥቂቱን በደንብ ማየት እንደሚሻል ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ግን አስቀድማ ወስና ኖሯል። ቤተ አማኑኤልን ከተሳለምን በኋላ «ሲኦል» በሚባለው ጨለማ ዋሻ ግድግዳውን በእጃችን እየዳሰስን አለፍን፤ የቀሩትን ከውጭ ተሳልመን ተውናቸው። ስንት እንደቀሩን ማንም ቢጠይቀኝ ደስ ብሎኝ እነግረዋለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤተ ጊዮርጊስ ደረስን። ከጉድጓዱ አፋፍ ፈንጠር ብለን ተቀምጠን፣ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ታች የወረደውን ቤትና በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ቁልቁል ስናይ ማንም አልተናገረም። እናቴ ግን ድንገት «ዝናብ ሲዘንብስ ይህ ሁሉ ውኃ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ፊቱ በራ። በቀኑ ውስጥ ከተጠየቀው ሁሉ ይህን እንደወደደው ግልጽ ነበር። ጣሪያውና የግቢው ወለል ውኃ እንዳያቁር ዘንበል ተደርጎ መጠረቡን፣ ቦዮቹም ጎርፉን ተቀብለው እንደሚያወጡ አስረዳት። የጠረቡት ሰዎች ስለ መስቀሉ ያሰቡትን ያህል ስለ ክረምቱም አስበው ነበር። እንደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ባሉት ላይ ዛሬ የተዘረጋው ትልልቅ ጣሪያም ከዚሁ ከውኃና ከፀሐይ ለመከላከል የተሠራ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከነብረቱ ማየቱ ከበደኝ።

ጅማ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት እናቴ «ወደ ጅሬን ውሰዱኝ» አለች። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ በዚሁ በጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር የተቀመጡበት ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። እኔ በተማሪነቴ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አይቼዋለሁ፤ የማስታውሰው ግን ደረጃውን መሮጣችንን ብቻ ነው። በዚህኛው ጊዜ የመራን ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ። እዚያው ግቢ ውስጥ መስጊዱ ደጃፍ ስንደርስ፣ ማንም ሳይነግራት እናቴ ጫማዋን አውልቃ ከሐጂ ጫማ አጠገብ አስተካክላ አኖረችው። ከዚያም በሰገነቱ ሥር ቆማ የእንጨቱን ጥርብ በጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

ድንጋይ ስምንት መቶ ዓመት ችሏል፤ እንጨት ግን በጅማ ዝናብ ሥር የሚቆመው በየዓመቱ የሚያየው ሰው ካለ ነው። እናቴ አንጋጣ ጣሪያውን አየችና «ሐጂ፣ ውኃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» አለቻቸው። ሐጂም ከዘራቸውን አንሥተው «ነይ፣ ላሳይሽ» አሉና በቤቱ ዙሪያ ወደ ኋላ ይዘዋት ሄዱ።